የካርቡሬተር በረዶ ምንድን ነው?

ሰማዩ ብሩህ ነው። ውጭ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ትንሿ አውሮፕላን በሰላም እየበረረች ሳለ የሞተሩ ዙር ቀስ በቀስ መውረድ ይጀምራል። አብራሪው የጋዝ መስጫውን አልነካም። በዚህ ሙቀት በረዶ ለማንም ትዝ አይልም። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን በረዶው ነው።

ካርቡሬተር አየርና ቤንዚን የሚደባለቁበት ክፍል ነው። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ይቀዘቅዛል። ቤንዚኑም ሲተን ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል። እጃችሁ ላይ ቤንዚን ፈሶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ቅዝቃዜውን ታስታውሱታላችሁ። ሁለቱ ተደምረው አየሩን ከ30 ዲግሪ በላይ ሊያቀዘቅዙት ይችላሉ። አየሩ እርጥበት ካለው ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ይጋገራል፤ ሞተሩም አየር ያጥረዋል። በተለይ ለማረፍ ኃይል ተቀንሶ ሲወረድ ያሰጋል። የአየር ማሳለፊያው ክዳን ያኔ ሊዘጋ ምንም ስለማይቀረው ትንሽ በረዶ ይበቃዋል።

መድኃኒቱ የካርቡሬተር ማሞቂያ ነው። ማንሻው ሲሳብ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ዙሪያ የሞቀ አየር ይገባል። በረዶ ከተጠረጠረ እስከ መጨረሻው ነው የሚሳበው።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ፦ ማሞቂያው እንደተሳበ ሞተሩ ይብስበታል። ሙቅ አየር ስስ ስለሆነ ዙሩ የበለጠ ይወርዳል። የቀለጠው ውሃም ወደ ሞተሩ ሲገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆራረጣል። አብራሪው ይደነግጣል። «አባባስኩት!» ብሎ ማንሻውን ይመልሳል። እባካችሁ አትመልሱት! መቆራረጡ በረዶው እየለቀቀ መሆኑን ነው የሚናገረው። ትንሽ ሲታገሱት ዙሩ ይመለሳል።

መዘግየት ደግሞ አይቻልም። ሙቀቱ የሚመጣው ከራሱ ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ማርሚታው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያውም አቅም ያጣል። ያኔ አብራሪው አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ አውሮፕላኗ ያለ ሞተር ሩቅ የምትንሳፈፍበትን ፍጥነት ይይዛል፤ የሚያርፍበትን ሜዳ ይመርጣል።

ቤንዚን በቀጥታ የሚረጩ ሞተሮች ካርቡሬተር ስለሌላቸው ይህ ችግር አይነካቸውም። ካርቡሬተር ባላቸው ላይ ግን አደጋ ከደረሰ በኋላ ምክንያቱን ማግኘት ይከብዳል። መርማሪዎች ሞተሩን እስኪፈቱት ድረስ በረዶው ቀልጦ ጠፍቷል።