«የአልጋ ቁራኛ» የሚለው አባባል ከየት መጣ?

«እማማ እንዴት ሰነበቱ?» «ኧረ ምኑን፣ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ቀሩ።» ይህን ሁላችንም ብለነዋል። ታሞ ለረጅም ጊዜ ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰው የምንለው ነው። ግን ቁራኛ ራሱ ምንድን ነው? ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ዝም ይላል። እኔም ዝም ካሉት ነበርኩ።

ቃሉ የመጣው ከችሎት ነው።

ድሮ ፖሊስና እስር ቤት እንዳሁኑ በየቦታው ባልነበረበት ጊዜ፣ የከሰስከውን ሰው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ እንዳይጠፋ መጠበቅ በአብዛኛው የአንተ የከሳሹ ጣጣ ነበር። ተከሳሹ ዋስ ከጠራ ይለቀቃል፣ በቀጠሮው ቀን ይመጣል። ዋስ ካጣ ግን ሁለቱ ይቆራኛሉ። ነገሩ ቀላል ከሆነ የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል። ከበድ ካለ፣ ወይም የዕዳ ጉዳይ ከሆነ፣ ሰንሰለት ይመጣል፤ አንዱ ጫፍ በባለዕዳው እጅ፣ ሌላው ጫፍ በአበዳሪው እጅ። እንዲያ ሆነው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ፍርድ እስኪሰጥ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን ይህን አይተው ተገርመው ጽፈውታል፣ ፎቶም አንስተውታል።

እኔን ከሰንሰለቱ ይልቅ የሚገርመኝ የነጠላው ቋጠሮ ነው። ሁለት የተጣሉ ሰዎች፣ በመሀላቸው አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ። መንጭቆ መሮጥ ይቻላል እኮ! ግን ጨርቁ ብቻውን አይደለም የሚይዘው፣ የቋጠረው ሕግ ነው። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሰው ባለበት ቀጥ ይል በነበረበት ዘመን ያችን ቋጠሮ መበጠስ ቀላል ነገር አልነበረም።

እና ቃሉ እንዴት ከዳኛ ፊት ወጥቶ ሰፈር ገባ? ችሎቱ የተዘጋ ቤት ስላልነበረ ይመስለኛል። ዛፍ ሥር፣ አደባባይ ላይ፣ ሰው ከብቦ እየሰማ ነው የሚሟገቱት። ባለጉዳዮቹ «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ በላ ልበልሃ ገጥመው፣ ነገሩን በቅኔና በምሳሌ ሲያወራርዱት የሰማ ሁሉ ማታ ቤቱ ሄዶ ይደግመዋል። ዛሬ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ «በላ ልበልሃ ገጠሙ» የምንለው፣ ለሰው የቆመለትን «ዋስ ጠበቃ ሆነለት» የምንለው ሁሉ ከዚያው ነው። የተቆራኙትን ደግሞ መስማት ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ፣ በየገበያው ያያቸዋል። ከአልጋው መላቀቅ ያልቻለ በሽተኛ ሲያይ ሌላ ምን ይበል?

አሁን ዋናው ነገር። እኛ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል የምናስበው ስለ አንድ ሰው ነው፣ ስለ ታመመው። ቃሉ ግን ብቻውን የታሰረ ሰው አያውቅም። ቁራኛ ሁልጊዜ ሁለት ነው። ከሳሹም ታስሯል፣ እርሻው እየጠበቀው፣ ልጆቹ እየጠበቁት፣ የትም መሄድ አይችልም።

ይህ የገባኝ በቤታችን ነው። አያቴ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ከአልጋ አልወረደችም። ጎረቤት ሁሉ የአልጋ ቁራኛ የሚለው እሷን ነበር። እማዬን ግን ማንም አላለም። እማዬ ገበያ ስትሄድ ግማሹን ሳትገዛ ትመለሳለች። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ቡናው ሳይፈላ ትነሣለች። ሌሊት አያቴ ስትገላበጥ የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ እኔ አልሰማም፣ እሷ ግን ከሌላ ክፍል ትሰማለች። በዚያ አልጋ ሁለት ሰው ተቆራኝቶ ነበር፣ እኛ ግን የምናየው የተኛችውን ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ አሁን «እገሌ የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ሲሉኝ «ማን ነው የሚያስታምመው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አያቴ ካረፈች በኋላ እማዬ ለወራት የትም ብትሄድ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣ ነበር። «ወዴት ነው?» ስንላት ቆማ ታስባለች።