በመዳብ ሰሌዳ የታተሙ ጥንታዊ ካርታዎችና በጠርዛቸው ያሉ ምሳሌያዊ ምስሎች

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንትወርፕና በአምስተርዳም የታተሙ ብዙ የዓለም ካርታዎች ሰፊ የጌጥ ጠርዝ ነበራቸው። በጠርዙ ላይ የሚታዩት ሴቶች፣ አማልክትና እንስሳት አህጉራትን፣ ፈለኮችን፣ ወቅቶችንና አራቱን ባሕርያት (እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት) በሰው አምሳል የሚወክሉ ናቸው። ካርታውም ጠርዙም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተገልብጠው በሹል ብረት ይቀረጹ ነበር፤ ጥቁሩ ቀለም በተቀረጸው መስመር ውስጥ ብቻ እንዲቀር ሰሌዳው ይወለወልና በወረቀት ላይ ይታተማል። ሌላው ቀለም ከኅትመት በኋላ በእጅ የሚቀባ ነው።

ለአህጉራቱ አሳሳል ፈር ከቀደዱት ሥራዎች አንዱ አብርሃም ኦርቴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1570 በአንትወርፕ ያሳተመው አትላስ የርእስ ገጽ ነው። አውሮፓ ዘውድ ደፍታና በትረ መንግሥት ይዛ ከላይ ተቀምጣለች። በግራ እስያ በጌጥ ተሸልማ የሚጤስ ዕጣን፣ በቀኝ ደግሞ አፍሪካ በራሷ ዙሪያ የፀሐይ ጨረር እየፈነጠቀ የበለሳን ዝንጣፊ ይዘው ቆመዋል። አሜሪካ ከሥር ተጋድማ በአንድ እጇ ዱላ፣ በሌላው የተቆረጠ የሰው ራስ ይዛለች፤ ማን ከማን እንደሚበልጥ ለመረዳት ገጹ ላይ ያለውን ላቲን ማንበብ አያስፈልግም። ከአሜሪካ አጠገብ ያለችው ማጌላኒካ ግን ራስና ደረት ብቻ ናት። በደቡብ ማጌላኒካ የተባለ ሰፊ አህጉር አለ ተብሎ ይገመት ስለነበርና ከእርሱም ታወቀ የተባለው ጥቂት ብቻ ስለነበር ሠዓሊው አካሏን አላሟላላትም፤ ከሥሯ ያለው ነበልባልም መርከበኛው ማጌላን እ.ኤ.አ. በ1520 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ያለውን የባሕር ወሽመጥ ሲያቋርጥ ከሩቅ ያየውን እሳት ያስታውሳል። አህጉሩ በታሰበው መልክ ፈጽሞ አልነበረም። ይሁንና ፔትሩስ ፕላንሲየስ እ.ኤ.አ. በ1594 ባወጣው የዓለም ካርታ ጠርዝ ላይ ማጌላኒካ ሙሉ ሰውነት አግኝታ በዝሆን ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም ያልረገጠው ምድር ዝሆን እንዳለው ማን እንደመሰከረ እንጃ። በዚያው ካርታ አፍሪካ አዞ ላይ ተቀምጣለች፣ አሜሪካም ሜክሲካና እና ፔሩዋና ተብላ ለሁለት ተከፍላለች።

ዊለም ብላው እ.ኤ.አ. በ1606 ያዘጋጀውና ዮሱዋ ፋን ደን ኤንደ የቀረጸው የዓለም ካርታ የዚህ ጥበብ ምርጥ ናሙና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በላይኛው ጠርዝ ሰባቱ ፈለኮች፣ በግራ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት፣ በቀኝ አራቱ ወቅቶች፣ በታችኛው ደግሞ ሰባቱ የጥንቱ ዓለም ድንቆች ተደርድረዋል። ብላው የሥነ ፈለክ ሊቁ የታይኮ ብራሄ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ቢሆንም በጠርዙ ላይ ፈለኮቹ ከጨረቃ ጀምረው ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ፀሐይ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን እያሉ የሚሄዱት ምድርን ማእከል ባደረገው በጥንቱ ሥርዓት ነው። ካርታው ከአዳዲስ የባሕር ጉዞዎች ጋር ሲታረም ጠርዙ የወረሰውን ይደግማል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ቀራጮች የሚቀዱበት መጽሐፍ መኖሩ ነው። ቼዛሬ ሪፓ እ.ኤ.አ. በ1593 በሮም ያሳተመውና በ1603 በሥዕል የወጣው የምሳሌያዊ ምስሎች መጽሐፍ አፍሪካን የዝሆን ራስ እንደ ቆብ አድርጋ፣ ጊንጥ ይዛ ያሳያታል፤ የዝሆኑ ራስ የተገኘው ከሮማውያን ሳንቲሞች እንጂ ከመንገደኛ ወሬ አይደለም።

ኒኮላስ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1658 ባወጣው ካርታ ማእዘኖቹን የሞላው ሠዓሊው ኒኮላስ ቤርኸም ከግሪክ አፈ ታሪክ በተወሰዱ ትዕይንቶች ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ጠርዙ እየጠበበ የኬንትሮስና የኬክሮስ ዲግሪ መቁጠሪያ ብቻ ሆነ፤ ምስሎቹም የካርታው ርእስ ወደሚጻፍበት ጌጠኛ ክፈፍ ዙሪያ ተሰበሰቡ።