«ሺማ ኡታ» የፍቅር ዘፈን አይደለም

ክራር ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባቲ ቅኝት ላይ በደረስን ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያንኑ «ሺማ ኡታ» የሚባል የጃፓን ዘፈን ያሰማኛል፦ «መምህር፣ ይሄ የፍቅር ዘፈን ባቲ አይደለም?» ዜማው በእርግጥ ለጆሯችን ቅርብ ነው። በጃፓን ደቡብ ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች ቅኝት አምስት ድምፆች ከአንዱ የባቲ ዓይነት ጋር ይገጥማሉ። «የፍቅር ዘፈን» የሚለው ግን ሰልችቶኛል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። የድሮ የኦኪናዋ ባህላዊ ዜማ ነው ይላሉ፤ የደረሰው የሮክ ባንዱ የዘ ቡም ድምፃዊ ካዙፉሚ ሚያዛዋ ነው። እሱም ኦኪናዋዊ አይደለም፣ የያማናሺ ሰው ነው። ዝናው ከጃፓን አልወጣም የሚሉም አሉ፤ አርጀንቲናዊው አልፍሬዶ ካሴሮ በጃፓንኛ እንዳለ ተጫውቶት በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ የቡድናቸው ማበረታቻ ሆኗል።

ወደ ዋናው ልምጣ። ሚያዛዋ ይህን የጻፈው ኦኪናዋ የሚገኘውን የሂሜዩሪ የሰላም ሙዚየም ጎብኝቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች ሴት ስትናገር ሰምቶ ነው። ሂሜዩሪ ተብለው በ1945 ቁስለኛ እንዲያስታምሙ ከተወሰዱት 240 ሴት ተማሪዎችና መምህራን 136ቱ አልቀዋል። በግጥሙ ማዕበል የሚያመጣው የዴይጎ አበባ የዚያን ዓመት ሚያዝያ ነው፤ ማዕበሉም የአሜሪካ ጦር ነው። ላዩን የሁለት ሰዎች መለያየት አስመስሎ የጻፈው ራሱ ስለሆነ የሚሳሳተውን ብዙ አልወቅስም። ነገር ግን የሚለያዩት ከሸንኮራ አገዳው ሥር ነው። ከአገዳው ሥር ያሉት ሲቪሎች የተደበቁባቸው ዋሻዎች ናቸው፤ ብዙዎች እዚያው በገዛ እጃቸው ሞተዋል።

ያላመነ ክራሩን በባቲ ቃኝቶ ያጅበው። እዚያ የመለያየት ስንኝ ላይ ሲደርስ ጣቱ ድምፅ ያጣል፤ ዜማው የኦኪናዋን ቅኝት ትቶ ይሄዳል። ሚያዛዋ ሆን ብሎ ነው ያደረገው፦ ሕዝቡን ለዚያ ሞት የዳረገው ዋናው ጃፓን ነውና ያችን ስንኝ በደሴቶቹ ቅኝት ሊዘፍናት አልፈለገም። ዘፈኑ በታኅሣሥ 1992 ለኦኪናዋ ብቻ በአገሬው ቋንቋ ወጣ፤ በሰኔ 1993 ለመላው ጃፓን ሲወጣ ከ1.5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ለእህቷ ሰርግ አጥንታው ነበር። የዋሻውን ነገር ስነግራት ክራሯን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዝም አለች። ለሰርግ ሌላ ባቲ መረጥን። ይህንን ለብቻው አጥኑት፤ የጎደሉትን ድምፆች በሌላ አትሙሏቸው፣ እዚያ ጋ ክራሩ ይረፍ፣ ድምፃችሁ ብቻ ይሂድ።