ትራፊክ ካልሚንግ ምንድን ነው? አውራ ጎዳና ከተማ መሃል ሲገባ

ትራፊክ ካልሚንግ ማለት መንገዱ ራሱ ሹፌሩን እንዲያበርደው አድርጎ መሥራት ነው። በሰሌዳ አይደለም፣ በትራፊክ ፖሊስ ፊሽካም አይደለም። አስፋልቱን በማጥበብ፣ ትንሽ በማጠፍ፣ እግረኛ የሚያልፍበትን ቦታ ከፍ በማድረግ፣ መሃል ላይ ደሴት በማስቀመጥ፣ ሹፌሩ ማንም ሳይነግረው እግሩን ከነዳጁ ላይ እንዲያነሳ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ነገር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ትልልቅ ከተሞች ናቸው። እኔ ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው አውራ ጎዳና መሃል ለመሃል ለሚሰነጥቃቸው ትናንሽ ከተሞች ነው ባይ ነኝ።

ደብረ ሲናን እንውሰድ። በደሴ መስመር የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለው ሜዳ አልቆ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያን የሠራውን የጣርማበር ዋሻ ሾልከው እንደወጡ ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ ጠመዝማዛው ይከተላል፣ ከዚያ ከተማዋ። ከእሷም በኋላ መውረዱ አያልቅም፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ተሳቢው፣ የነዳጅ ቦቴው፣ የሕዝብ አውቶቡሱ፣ አባዱላው፣ ሁሉም በዚያች ከተማ ውስጥ ያልፋል። መኪና ቆም ሲል ደግሞ ቆሎ የያዙ ሴቶችና ልጆች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። የደብረ ሲና ቆሎ ስም ያለው ነው፣ ሳይገዛ የሚያልፍ ጥቂት ነው። አንዷ ቆሎውን በመስኮት ታቀብላለች፣ መልስ ስትቆጥር መኪናው መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ እሷም ብሩን ይዛ አብራው ትሮጣለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባድ መኪና በሚወርድበት በዚያው አስፋልት ዳር ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ መንገድ ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል። ለአገር አቋራጩ ሹፌር ማለፊያ ነው፣ ለከተማው ሰው ደግሞ ገበያ፣ ፌርማታ፣ የትምህርት ቤት መንገድ፣ የባጃጅ ተራ ነው። ሁለቱ ሥራ አንድ ቦታ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት አብሮ አይሄድም። ቀርፋፋ ከሆነ ግን አብሮ ይሄዳል፣ ትራፊክ ካልሚንግ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ፍጥነት ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ ለሚል ቀላል ስሌት አለ። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ጤነኛ ይሁን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም 13 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በ50 ከሆነ 28 ሜትር ገደማ፣ በ80 ደግሞ ወደ 57 ሜትር። አሁን አንዲት ልጅ 20 ሜትር ፊት ለፊት ድንገት ገባች እንበል። በ30 ይነዳ የነበረው ሳይደርስባት ቆሟል። በ50 ይነዳ የነበረው 35 እና ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ይመታታል። በ80 የሚነዳው ግን እግሩ ፍሬኑ ላይ ሳያርፍ ደርሶባታል፣ በ80 ይመታታል። ያው ሹፌር፣ ያቺው ልጅ፣ ያው መንገድ፣ ልዩነቱ ፍጥነቱ ብቻ ነው። ጭነትና ቁልቁለት ሲጨመርበት ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት አንድ በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ አራት በመቶ ያህል ይጨምራል ይላል።

ታዲያ ሰሌዳ ለምን አይበቃም? ረጅም ሜዳ ላይ በ80 እና በ90 ሲበር የቆየ ሰው ወደ 50 ሲያወርድ እየዳኸ ያለ ያህል ይሰማዋል። ዓይኑ ፍጥነቱን ለምዶታል። ከተማ ገባሁ ብሎ ከልቡ ቢያምንም የሚነዳው ካሰበው በላይ ነው። መንገዱ ደግሞ ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ባዶ ከሆነ "ንዳ" እያለው ነው፣ ሰሌዳው ብቻውን "ተው" ቢለው አይሰማም። ሹፌር የሚታዘዘው ለሚያየው መንገድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የከተማው መግቢያ ላይ ነው። ከተማው እዚህ ጀመረ የሚል፣ ከሩቅ የሚታይ ለውጥ ያስፈልጋል። አስፋልቱ ጠበብ ይላል፣ ዳርና ዳር ዛፍ ይተከላል፣ መሃል ላይ ትንሽ አካፋይ ይገባል፣ ከዚያ በፊት ጎማ ሲያልፍበት የሚንገራገጭ መስመር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዴንማርኮች አውራ ጎዳና የሚያቋርጣቸውን ሦስት ትናንሽ ከተሞች፣ ቪንደሩፕን፣ ስከርቤክንና ኡገርሎስን፣ ለሙከራ መርጠው በዚህ መንገድ አሠሯቸው። ጎዳናውን አልዘጉትም፣ ወደ ሌላም አላዞሩትም። መኪናው ያልፋል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

እንደ ደብረ ሲና ያለ ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ጥንቃቄ አለው፣ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ልጅ ሲገጭ ሰፈሩ ተቆጥቶ የመጀመሪያው ጥያቄው ስፒድ ብሬከር ነው። ሲዘገይበት ራሱ ድንጋይና አፈር ቆልሎ ይሠራል። ንዴቱ ይገባኛል፣ ልጁን የቀበረ ሰው ጥናት ጠብቅ ሊባል አይችልም። ግን ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ የጋለ ተሳቢ፣ ቀለምም ምልክትም የሌለው ጉብታ በጨለማ ድንገት ሲገጥመው ወይ ዘሎት ያልፋል፣ ወይ ጭነቱን ይዞ ይገለበጣል። ጉብታ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ቦታው ግን አስቀድሞ ፍጥነት የቀነሰ መኪና የሚያልፍበት ነው። ቁልቁለቱ ላይ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ከከተማው በላይ ከባድ መኪና ወጣ ብሎ ፍሬኑን የሚያበርድበት ቦታ፣ በትንሽ ማርሽ ውረድ የሚል ማሳሰቢያ በጊዜው፣ ቦታው ከተገኘ ደግሞ ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ገብቶ የሚሰምጥበት የጠጠር ማምለጫ። ከዚያ በኋላ ነው መግቢያው፣ ከዚያ በኋላ ነው ከፍ ያለው ዜብራ የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መፍትሔው ራሱ ሰው ይገላል።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው መሃል ላይ የሚሠራውን የእግረኛ ማረፊያ ደሴት ነው። ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ በከርብስቶን (በመንገድ ጠርዝ ድንጋይ) የተከበበች ትንሽ ቦታ ናት። ምን ታደርጋለች? ጀሪካን የያዘች እናት ወይም ዱላ የሚመረኮዙ አዛውንት ከግራም ከቀኝም የሚመጣውን መኪና በአንድ ጊዜ ማስላት የለባቸውም። መጀመሪያ በአንድ በኩል ያያሉ፣ ግማሹን ይሻገራሉ፣ ደሴቷ ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያ ሌላውን ጎን አይተው ይጨርሳሉ። ለሹፌሩም መንገዱን ታጠብበታለች፣ ደርቦ መቅደምንም ትከለክላለች። የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር እንዲህ ያለ ደሴት የእግረኛ አደጋን እስከ 56 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል። ሲሚንቶና ድንጋይ ናት እንጂ የተራቀቀ ነገር የላትም።

አሁን ወደ ቆሎ ሻጮቹ ልመለስ፣ ምክንያቱም ደኅንነት ሲባል ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚባረሩት እነሱ ናቸው። ይህ ትክክል አይደለም። ከተማዋ የምትኖረው ከሚያልፈው መንገደኛ ነው። ቆሎው፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋው፣ ጎማ ቤቱ ሁሉ የመንገዱ ልጅ ነው። ሻጭ ደግሞ መኪና የሚቆምበት ቦታ ይሄዳል፣ ዛሬ ቢባረር ነገ ተመልሶ እዚያው ነው። መሠራት ያለበት አውቶቡሱና አባዱላው ከዋናው አስፋልት ወጥተው የሚቆሙበት ወጣ ያለ ማቆሚያ ነው፣ ከአጠገቡ በከርብስቶን ከፍ ያለ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ እዚያ ላይ የሻጮቹ ቦታ። ያኔ ቆሎው የሚሸጠው ከቆመ መኪና በር ነው፣ ልጅቷም መልስ ይዛ ከጎማ ጋር አትሮጥም።

ባጃጁም እንደዚያው ነው። ተራው ዜብራው ጫፍ ላይ ከሆነ፣ የቆመው ባጃጅ ሊሻገር የተነሳውን ልጅ ይሸፍነዋል። ሹፌሩ ልጁን የሚያየው ባጃጁን አልፎ ብቅ ሲል ነው። ተራውን ጥቂት ሜትር ማራቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፣ የሚጠይቀው ተነጋግሮ መስማማት ብቻ ነው።

የእግረኛ መንገድ ነገርም አለ። "ሰው ለምን አስፋልት ላይ ይሄዳል?" የሚል ወቀሳ ሁሌ እሰማለሁ። ወቃሹ አንድ ጊዜ ወርዶ በእግሩ ይሞክረው። ዳሩ ላይ ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ማዶ የተቆለለ አሸዋና ብሎኬት፣ ቀጥሎ የቆመ አይሱዙ፣ ቀጥሎ የተዘረጋ ሸራ። ለእግረኛው የቀረው አስፋልቱ ነው። ቦዩን መክደን ብቻውን ለብዙ ሰው መንገድ ይከፍታል።

አንድ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፣ መልስም ይገባዋል። "አገር አቋራጭ መኪና ይዘገያል፣ ጭነት ይዘገያል" ይባላል። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን ከተማ በ60 ለማለፍ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ በ30 ደግሞ አራት ደቂቃ። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሹፌር ይህ አንድ ቡና እንኳ አያስጠጣም።

ሌላው ሐሳብ ከተማውን የሚዞር አዲስ መንገድ መሥራት ነው። አንዳንድ ቦታ ያስኬዳል። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ብዙ መኪና ከዱከም፣ ከቢሾፍቱና ከሞጆ መሃል ወጥቷል። አሮጌው መንገድ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው፣ ፋብሪካውም ገበያውም ሰዉም እሱ ላይ ነው ያለው፣ ከተሞቹም አሁንም ይህንኑ መንገድ የሚያበርድ ሥራ ያስፈልጋቸዋል። እንደ ጣርማበር ባለ ገደል ደግሞ መዞሪያ መሥራት እንዲህ በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም። መዞሪያ ተሠርቶም ዳሩ ላይ ሱቅና ቤት እንደልብ እየተከፈተ ከሄደ፣ ከዓመታት በኋላ እሱም የከተማ መሃል መንገድ ይሆናል፣ ችግሩም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለመጀመር የግድ ትልቅ በጀት መጠበቅም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ሰባተኛ ጋ ያለው መስቀለኛ መንገድ መጀመሪያ የተሞከረው በቀለምና በቀላል መከለያ ነበር። የመኪናው ቦታ ጠበበ፣ የእግረኛው ሰፋ። በቀለም መሞከር ጥሩነቱ የማይሆነው ነገር ቶሎ መታየቱ ነው። አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ከተቸገረ መስመሩ ተፍቆ እንደገና ይሰመራል፣ ሲስማማ በድንጋይና በሲሚንቶ ይጸናል። ትንሽ ከተማም ይህን ማድረግ ትችላለች፣ ቀለሙ ግን በዝናብና በጎማ ስለሚጠፋ የሚያድሰው ሰው ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በሁለት ቤት መሃል ነው። ዋናው አስፋልት የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፣ ገበያው፣ ተራውና የዳሩ ቤት ግን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው። እግረኛው ደግሞ የሚያልፈው ልክ በሁለቱ ድንበር ላይ ነው። አንዱ "የኔ አይደለም" ሲል ሌላውም "የኔ አይደለም" ይላል። የከተማው ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ንድፍ እንዲያወጡ ነው። የጥያቄው ጊዜም መንገዱ ሊታደስ ሲል ነው፣ አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ማንም መልሶ አያፈርሰውም። ለውይይት ሲጠሩ ንድፉ ይምጣና ይዘርጋ። የከተማው መግቢያ ላይ ምን ተሥሏል? ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ደሴት አለ ወይ? አውቶቡሱ የት ነው የሚቆመው? ቆሎ ሻጮቹስ የት ይቀመጣሉ? ባጃጅ ነጂዎቹና ሻጮቹ ራሳቸው እዚያ ስብሰባ ላይ ይኑሩ፣ መኪናው የት እንደሚፈጥንና ሰው የት እንደሚሻገር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።