የቴሌቪዥን ሳንሱርና የአስደንጋጭ ምስሎች የወል ትውስታ

የቴሌቪዥን ሳንሱር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መንግሥት ከስርጭት በፊት የሚያደርገውን ቅድመ ምርመራ ነው። በዜና ክፍል ውስጥ ግን ጉዳዩ ከዚያ ይሰፋል። የአስከሬን ፊት ማደብዘዝ፣ ጥይት ከመተኮሱ በፊት ምስሉን ማቆም፣ ድምፁን ቀንሶ ሥዕሉን ማሳለፍ፣ ቀጥታ ስርጭትን በጥቂት ሰከንዶች ማዘግየት፣ ዘገባውን ልጆች ወደሚተኙበት ሰዓት ማሸጋገር፣ አንዳንዴም ፊልሙን ጨርሶ መደርደሪያ ላይ መተው ሁሉ የዚሁ ሥራ አካል ናቸው። ከተመዘገቡት ታሪኮች እንደሚታየው የተቆረጠ ምስል ከሕዝብ ትውስታ አይጠፋም። ቦታው ክፍት ይቆይና በፎቶግራፍ፣ በወሬ ወይም በተመልካቹ በራሱ ምናብ ይሞላል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዘርፉ ከሁሉ በላይ የተጠናው ምስል ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በዳላስ ከተማ የተቀረጸው ነው። ልብስ አምራቹ አብርሃም ዛፕሩደር ለቤተሰብ መዝናኛ በገዛት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ካሜራ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲን መገደል ቀረጸ። ፊልሙ 26 ሰከንድ ከግማሽ ያህል ይረዝማል፤ በውስጡ 486 ፍሬሞች (ነጠላ ምስሎች) አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የፕሬዚዳንቱ ጭንቅላት ሲመታ የሚታየው በ313ኛው ፍሬም ነው። ዛፕሩደር ፊልሙን ለላይፍ መጽሔት ሲሸጥ ይህ ፍሬም እንዳይታተም ጠይቆ ነበር፤ መጽሔቱም መጀመሪያ ላይ ቃሉን ጠብቆ ሌሎቹን ብቻ አተመ። ግድያውን ያጣራው የዋረን ኮሚሽን በ1964 ባወጣው ሰነድ ውስጥ ፍሬሞቹን በጥቁርና ነጭ ሲያትም 314ኛውና 315ኛው ቦታ ተለዋወጡ። በኋላ የኅትመት ስህተት ነው ተብሎ ተገለጸ። ነገር ግን ሁለቱ ፍሬሞች ሲለዋወጡ የጭንቅላቱ እንቅስቃሴ አቅጣጫ የተገለበጠ ስለሚመስል፣ ፊልሙን ማየት ያልተፈቀደለት ሕዝብ በማብራሪያው ሊረካ አልቻለም።

ፊልሙ በእንቅስቃሴ፣ ከነ313ኛው ፍሬም፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ቴሌቪዥን የታየው ማርች 6 ቀን 1975 በኤቢሲ ጣቢያ ነው። ከግድያው እስከዚያ ምሽት አሥራ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ተኩል ገደማ አልፏል። በስቱዲዮ የነበሩት ሰዎች ምስሉ ሲደርስ በድንጋጤ ያሰሙት ድምፅ በቅጂው ላይ ይሰማል። በተከታዩ ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት ጉዳዩን እንደገና የሚመረምር ኮሚቴ ሲያቋቁም ይህ ስርጭት ከገፊ ምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ይሁንና ግድያውን በዚያው በ1963 በቴሌቪዥን እንዳዩ የሚያስታውሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በዚያ ሳምንት በቀጥታ የታየው ሌላ ግድያ ነው። ኖቬምበር 24 ቀን ጃክ ሩቢ ተጠርጣሪውን ሊ ሃርቪ ኦስዋልድን በፖሊስ ጣቢያ ምድር ቤት ሲተኩስበት የኤንቢሲ ካሜራ እየቀረጸ ነበር። የተፈቀደው ምስል ያልተፈቀደውን ቦታ ያዘ ማለት ይቻላል።

የቬትናም ጦርነት ያለ ሳንሱር የተላለፈ የመጀመሪያው ጦርነት ነው ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። የወታደራዊ መርማሪ እጅ ላልቶ ይሆናል፤ የአርታኢው መቀስ ግን ሥራ ላይ ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 የደቡብ ቬትናም ብሔራዊ ፖሊስ አዛዥ በሳይጎን ጎዳና ላይ እጁ የታሰረ ምርኮኛን በሽጉጥ ሲገድል ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ የአሶሺየትድ ፕሬሱ ፎቶ አንሺ ኤዲ አዳምስ እና የኤንቢሲው ቬትናማዊ ካሜራማን ቮ ሱ። የቮ ሱ ፊልም ወደ ቶኪዮ ተልኮ ታጠበ፣ በሳተላይት ኒው ዮርክ ደረሰ፣ በማግስቱ ምሽት ዜና ላይም ታየ። አዘጋጆቹ ግን ሰውየው መሬት ላይ ከወደቀ በኋላ ያለውን፣ ደሙ የሚፈስበትን ክፍል ቆረጡት። ዛሬ ዓለም የሚያስታውሰው የአዳምስን ፎቶግራፍ ነው፤ ፑሊትዘር ሽልማትም አግኝቶበታል። ካሜራውን ተሸክሞ እኩል የቆመው ቮ ሱ በስም የሚታወቀው በጥቂቶች ዘንድ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል፤ የዚህ ሙያ ሰዎች ሊያነሱት የሚገባ ስም ነው።

ሳንሱር በመቁረጥ ብቻ ሳይሆን በመጨመርም እንደሚሠራ የሚያሳየው የወሎ ረሃብ ፊልም ነው። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሲጠና የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ዝም ብለው ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥፍራው ይዘው የመጧቸውን ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ማሳየታቸው ከዚያ ዘመን የሚጠቀስ የሚያስከብር ተግባር ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘጋቢ ፊልም በብሪታንያው አይቲቪ ታየ፤ ገንዘብም ተሰበሰበ። (አባቱ ሪቻርድ ዲምብልቢ በ1945 ከቤርገን ቤልሰን ማጎሪያ ካምፕ የላከውን የሬዲዮ ዘገባ ቢቢሲ ለማሰራጨት አመንትቶ እንደነበር ልብ ይሏል።)

ፊልሙ በአገሩ ሰው ፊት የቀረበው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ምሽት ነው። ደርግ ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንዲቀርብ ያደረገው ግን እንደነበረ አልነበረም። በአጥንታቸው የቀሩ ሕፃናትና እናቶች በሚታዩበት መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ገቡበት። ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉም ይታይ ነበር ይባላል። የትኛው ምስል ከየት እንደተወሰደና በምን ቅደም ተከተል እንደገባ ትረካዎቹ ይለያያሉ፤ የዘውዱ ደጋፊዎች ነገሩን ሁሉ የፕሮፓጋንዳ ድርሰት አድርገው ሲያዩት፣ ሌሎች ተጨማሪዎቹ ምስሎች ራሳቸው እውነተኛ እንደነበሩ ይከራከራሉ። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ።

በዚያን ጊዜ ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ቴሌቪዥን ያለውም ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ፊልሙ በሕዝብ ዘንድ የኖረው በዓይን ከታየው ይልቅ በአፍ በተነገረው ነው፤ የግብዣው ኬክና ውሾቹም ከሕፃናቱ ፊት ቀድመው ይነሳሉ። በብሪታንያ ያው ፊልም የሚታወሰው በረሃቡ ነው፣ እዚህ ደግሞ በግብዣው። ረሃብን ደበቀ ብሎ ዘውዱን የከሰሰው ደርግ ራሱ መስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በድምቀት ሲያከብር ሌላ ረሃብ እየተባባሰ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞችም በዓሉ እስኪያልፍ ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተደረጉ። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ዘገባ ዓለምን ያነጋገረው በወሩ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው። ቅድመ ምርመራ በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ነው።

1989 ለዚህ ርዕስ ልዩ ዓመት ነው። በቤጂንግ የተማሪዎች ተቃውሞ በጦር ኃይል በተበተነ ማግስት፣ ጁን 5 ቀን፣ በታንኮች ፊት ብቻውን የቆመውን ሰው በርካታ ካሜራዎች ከሆቴል ሰገነት ቀርጸውታል። አንዱ ፎቶ አንሺ ፊልሙን ከፖሊስ ለማዳን በላስቲክ ጠቅልሎ የመጸዳጃ ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሸሸገው። የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ወታደሮቹ ታጋሽ እንደነበሩ ለማሳየት ምስሉን ለአጭር ጊዜ ተጠቀመበት፤ ከዚያ ግን ከአገር ውስጥ ስርጭት ጠፋ። በ2006 በታየ አንድ የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፎቶግራፉ ተሰጥቷቸው ምን እንደሆነ ማወቅ አልቻሉም። ሙሉ መጥፋት ሊሳካ እንደሚችል የሚያሳይ፣ ከላይ የተባለውን የሚፈታተን ምሳሌ ነው። ሩማንያ ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው። ዲሴምበር 21 ቀን የአገሪቱ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ ንግግር ሲያደርግ ጩኸት ተነሳ፤ ካሜራዎቹ ወደ ሰማይ ዞሩ፤ ስርጭቱም ለጥቂት ደቂቃ ተቋረጠ። ባዶው ስክሪን አገዛዙ መናጋቱን ለአገሩ ሁሉ ነገረ። ከአራት ቀን በኋላ ቻውሼስኩና ሚስቱ ሲረሸኑ ወታደሮቹ ካሜራማኑ ሳይዘጋጅ ስለተኮሱ የተቀረጸው መጨረሻው ብቻ ነው። ይህን ማንም አልቆረጠውም፤ ሆኖም ጉድለቱ ለዓመታት የጥርጣሬ ምንጭ ሆነ።

የሥነ ልቦና ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ኦክቶበር 4 ቀን 1992 የኤል አል ጭነት አውሮፕላን በአምስተርዳም የመኖሪያ ሕንፃ ላይ ወድቆ 43 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ሲጋጭ የቀረጸ ካሜራ አልነበረም፤ ቴሌቪዥን ያሳየው እሳቱንና ፍርስራሹን ነው። ከአሥር ወር በኋላ የሆላንድ ተመራማሪዎች ግጭቱን በቴሌቪዥን አይተው እንደሆነ ሲጠይቁ ከ193 መላሾች 55 በመቶው አይተናል አሉ። በአሜሪካም በ1986 የቻሌንጀር መንኮራኩር በፈነዳች ማግስት ተማሪዎች ዜናውን እንዴት እንደሰሙ ጽፈው ነበር። በቴሌቪዥን ያሉት 21 በመቶ ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ እነዚያው ሲጠየቁ ቁጥሩ 45 በመቶ ደረሰ። በ2001 መስከረም አሥራ አንድ ተብሎ በሚታወቀው ጥቃት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲጋጭ በዚያው ጠዋት በቴሌቪዥን እንዳዩ ሁለት ጊዜ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ያ ምስል ግን በዚያ ሰዓት ገና አልተሰራጨም። ብዙዎች ሆን ተብሎ የተነገረ ውሸት አድርገው ወሰዱት። ከአምስተርዳሙ ጥናት ጋር ሲታይ ግን ተራ የትውስታ መደባለቅ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ጥቃት ከሕንፃዎቹ የሚወድቁ ሰዎች ምስል በአሜሪካ ጣቢያዎች ለአጭር ጊዜ ታይቶ ቆመ። ፎቶ አንሺው ሪቻርድ ድሩ ያነሳው የአንድ ወዳቂ ሰው ፎቶግራፍም በማግስቱ በጋዜጦች ወጥቶ፣ አንባቢያን ስለተቆጡ ለዓመታት ገለል ተደርጓል። በአሜሪካው ዶቨር አየር ኃይል ጣቢያ በኩል ወደ አገር የሚመለሱ የወታደሮችን ሬሳ ሳጥን መቅረጽም ከ1991 እስከ 2009 የተከለከለ ነበር።

በኢንተርኔት ዘመን አንድ ጣቢያ የቆረጠውን ሌላው በደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ቁም ነገሩ ከስርጭት ወደ ክምችት ዞሯል። ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ወቅት ካሴት ለመቆጠብ የድሮውን ፍቀው ይቀዱበት ነበር። ከስርጭት የተቆረጡት ቁርጥራጮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚጣሉት ናቸው። ስም ያልተጻፈባትን ካሴት ከመጣል ያዳኑ የመዝገብ ክፍል ሠራተኞች ለታሪክ የዋሉት ውለታ ከፍ ያለ ነው።

የዛፕሩደርን ፊልም የአሜሪካ መንግሥት በ1998 የራሱ ንብረት አድርጎ ወሰደው፤ ለቤተሰቡም 16 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል በግልግል ተወሰነ። ዋናው ቅጂ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት በቅዝቃዜ ተቀምጧል። ከ208 እስከ 211 ያሉት አራት ፍሬሞች ግን በላዩ የሉም፤ በመጽሔቱ ላቦራቶሪ በስህተት ተጎድተው ወጥተዋል። ዛሬ የሚገኙት ያን ጊዜ ለምርመራ በተባዙት ቅጂዎች ላይ ብቻ ነው።