«ሁሉም ጨለማ ነበር» እና ሌሎች ስለ አውሮፓ ህዳሴ የምንሰማቸው ስህተቶች

«ህዳሴ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ግድቡ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ሬኔሳንስ ነው። ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን መጻሕፍት እየፈለጉ እንደ አዲስ ያነበቡበት ዘመን ማለቴ ነው። ተማሪ እያለን ለፈተና ሸምድደነዋል። ከሸመደድነው ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ከዚያ በፊት የጥንቱ መጽሐፍ ሁሉ ጠፍቶ ነበር»

ታዲያ ከየት ተገኘ? ከገዳም ነዋ! መነኮሳት ለዘመናት ብራና ላይ ሲገለብጡት ኖረዋል። የአርስቶትል ሥራዎችም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ፣ ቶሌዶ ላይ፣ ከዐረብኛ ወደ ላቲን ይተረጎሙ ነበር። ጣሊያናዊው መጽሐፍ ፈላጊ ፖጆ ብራቾሊኒ በ1417 የሮማዊውን ባለቅኔ የሉክሬቲየስን ግጥም ያገኘው ጀርመን አገር ካለ ገዳም ነው። መጽሐፉ ቦታው ላይ ነበር፣ አንባቢ ነው ያጣው።

የሚያስቀው ደግሞ የፊደሉ ነገር ነው። ምሁራኑ «ይሄ የጥንት ሮማውያን አጻጻፍ ነው» ብለው የወደዱትን የእጅ ጽሑፍ መኮረጅ ጀመሩ። ጽሑፉ ግን የ9ኛው ክፍለ ዘመን መነኮሳት ነበር። ዛሬ የላቲን መጻሕፍት የሚታተሙባቸው ትንንሽ ፊደላት የመጡት ከዚያ ስህተት ነው።

«የተጀመረው ቁስጥንጥንያ በ1453 ስትወድቅ ነው»

ቱርኮች ከተማዋን (የዛሬዋን ኢስታንቡል) ሲይዙ የሸሹ የግሪክ ምሁራን መጻሕፍቱን ወደ ጣሊያን ይዘው መጡ ይባላል። ዓመቱ ግን አይገጥምም። ማኑኤል ክሪሶሎራስ ከቁስጥንጥንያ መጥቶ ፍሎረንስ ላይ ግሪክኛ ማስተማር የጀመረው በ1397 ነው። ከእሱም በፊት፣ በ1374 የሞተው ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ አለ። ፔትራርክ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን መጽሐፍ በግሪክኛው በስጦታ አግኝቶ ማንበብ አቃተው። አቅፎት ይተክዝ እንደነበር ራሱ ጽፏል። በኋላ የመጡት ስደተኛ ምሁራን የደረሱት ድግሱ ከተጀመረ ወዲያ ነው።

«ቤተክርስቲያንን ለመቃወም የተነሳ ነው»

ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው፤ እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር። እስቲ የጣሊያናዊውን ምሁር የሎሬንዞ ቫላን ታሪክ እንየው።

ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ግዛት ለሮም ጳጳስ ሰጠ የሚል ሰነድ ነበር። ጳጳሳቱ ሥልጣናቸውን ለማስረዳት ይጠቅሱታል። ቫላ በ1440 ሰነዱን ቃል በቃል መረመረ። የሮም ሹማምንት «ሳትራፕ» ተብለዋል። ሳትራፕ የፋርስ ሹመት ነው። ቁስጥንጥንያ ገና የፓትርያርክ መንበር ሳትሆን እንደሆነች ተቆጥራለች። ላቲኑም የዚያ ዘመን ላቲን አይደለም። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ተጻፈ የተባለ የርስት ደብዳቤ «የቀበሌው ሊቀመንበር» ቢል ማለት ነው። ሰነዱ ፎርጅድ ነበር።

ቫላ ይህን ሲጽፍ ከጳጳሱ ጋር የተጣላ ንጉሥ አገልጋይ ነበር፤ ያው እንጀራም አለበት። ግን ከስምንት ዓመት በኋላ አዲሱ ጳጳስ ኒኮላስ አምስተኛ ራሳቸው ቀጠሩት። የግሪኩን ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስን ወደ ላቲን እንዲተረጉምም አደረጉ። የቫቲካንን ቤተ መጻሕፍት ያደራጁት እኚሁ ጳጳስ ናቸው። የሆላንዱ ምሁር ኢራስመስም በ1516 አዲስ ኪዳንን በግሪክኛ ሲያሳትም በጊዜው ለነበሩት ጳጳስ ለሊዮ አሥረኛ መታሰቢያ አድርጎ ነው። ከጳጳሱ ጋር የተለያየው የፕሮቴስታንቶቹ መሪ ሉተር በኋላ ወደ ጀርመንኛ ሲተረጉም የኢራስመስን ሥራ መጠቀሙ ሌላ ጉዳይ ነው። የሰነድን ቃል መርምሮ ማመን አንዴ ከተለመደ ማን ላይ እንደሚውል አይታወቅም።

«የጥንቶቹን ማምለክ ነበር»

ለአንዳንዱ፣ አዎ። ሐኪሙ ቬሳሊየስ ግን የጥንቱን ሐኪም የጌለንን መጻሕፍት ለኅትመት ካዘጋጁት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ አስከሬን ሲከፍት የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት ሆኖ አገኘው። ጌለን ሁለት ነው ብሎ ነበር። ጌለን በአብዛኛው የመረመረው ዝንጀሮና ሌሎች እንስሳትን ነዋ። ቬሳሊየስ ይህን በ1543 አሳተመ።

«እኛ ጋር ምንም አልደረሰም»

ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ዜማቸውን ሰምቶ ግዕዝ ከእነሱ ተማረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይሄ ነው። ፖትከን ግን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ነው የጠራው። የምንጭ ያለህ የሚል ምሁርም እንዲህ ይስታል።

ከዚያ ከእነዚሁ መነኮሳት አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ እዚያው አሳተሙ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የብረት ፊደል የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም። መጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ፦ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ነው የሠራነው፣ ግድፈቱን ይቅር በሉን ይላሉ።