ሐና የልጇን ልክ ታውቅ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ እንኳን ለሰኔ ሚካኤል በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ ካለፈ ጥቂት ቀናት ሆኖታል። ከቅዳሴ በኋላ የሰማሁት ነገር ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣም። የነገረችኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት የሆነች እኅታችን ናት።

ተማሪ ሲያጠፋ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ልጁም ሰው ይዞ ይመጣል። የመጣው ሰው ግን ወላጁ አይደለም። ትንሽ ብር ሰጥቶ ከመንገድ ያመጣው ሰው ነው። «አጎቱ ነኝ» ይላል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ማንም አይነቃበትም። እውነተኛውን አባት በዚያ ግቢ አይቶት የሚያውቅ ሰው የለማ! እኅታችንን ያሳዘናት የልጁ ውሸት ብቻ አይደለም። አባቱን በበዓሉ ዕለት ነጠላውን መስቀለኛ ለብሶ ከእኛ ጋር ሲያስቀድስ አይታዋለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሐና አስባለሁ።

ሐናን ሁላችንም እናውቃታለን። ልጅ አልነበራትም፤ ጣውንቷ ፍናና ታስቆጣት ነበር። የእግዚአብሔር ቤት በነበረበት በሴሎ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ተሳለች፣ ሳሙኤልን ወለደች፣ ጡት ካስጣለችው በኋላ ወስዳ ለእግዚአብሔር ቤት ሰጠችው። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ስለቷን ከፈለች፣ ጉዳዩ አለቀ እንላለን።

መጽሐፉ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 2 ቁጥር 19ን አንብቡ። በየዓመቱ ከባሏ ጋር ለመሥዋዕት ስትወጣ፣ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር። ታሪኩን ሳነብ ሁልጊዜ የምቆየው እዚህች ቁጥር ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። ልጅ ያድጋል። አምና የተሰፋለት ዘንድሮ ይጠበዋል። ስለዚህ ሐና ልብሱን ለመሥራት የልጇን ልክ ማወቅ አለባት። ባለፈው ስትሄድ ትከሻዋ ጋ ደርሶ ይሆን? ዘንድሮስ ስንት ጣት ጨምሯል? አርማቴም ቤቷ ተቀምጣ ስትሰፋ ልቧ ሴሎ ነው። ልብ በሉ፣ ልጁ ያለው ካህኑ ዔሊ ዘንድ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ምን ቦታ አለ? ሐና ግን «ጥሩ ቦታ አስገብቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ የእነሱ ጉዳይ ነው» አላለችም። በኋላም ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዳለች። ሥራ ያልበዛባት ሴት አልነበረችም። ደግሞ ብቻዋን አልወጣችም፤ ባሏ ሕልቃናም አብሯት ነበር። ይህን የማነሣው ትምህርት ቤት መሄድን የሚስታቸው ሥራ ብቻ ያደረጉ አባቶች ስለበዙ ነው።

በዚያው ስፍራ ሌላም ወላጅ ነበር፤ ዔሊ ራሱ። የሌላ ሰው ልጅ አሳደገ። የገዛ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ግን ሕዝቡ ለመሥዋዕት ያመጣውን ሥጋ በሜንጦ እየነጠቁ ይወስዱ ነበር። ቁጥር 22 ላይ ዔሊ እጅግ ካረጀ በኋላ ልጆቹ የሚያደርጉትን ሁሉ ሰማ ይላል። ሰማ! ከማን? ከሕዝቡ። ልጆቹ አጠገቡ እያገለገሉ፣ አባት የልጆቹን ነገር ከሰው አፍ ሰማ። ያን ጊዜ ተቆጣቸው፤ ጊዜው አልፎ ነበር፣ አልሰሙትም። እርሱም ከቃል አልፎ አልከለከላቸውም። እግዚአብሔር በምዕራፍ 3 የፈረደበት በዚህ ነው። ፍርዱንም ያመጣለት ብላቴናው ሳሙኤል ነበር፤ የሐና ልጅ።

ወገኖቼ፣ ከዔሊ በምን ተሻልን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለበት፣ ወረርሽኝ አለበት፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረት አለበት። ሁሉንም ወላጅ ላይ አልጭንም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች 12 ዓመት ከእኛ ቤት ነው ወጥተው የገቡት። ደብተራቸው የተቀመጠው እኛ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እኛ ግን አለማወቃቸውን ከዜና ሰማን። ልክ እንደ ዔሊ።

ስለዚህ እንነጋገር። ቅዳሜ ጠዋት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ነው። ካርድ ለመቀበል የቤት ሠራተኛ ትላካለች። በኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ ሳናነብ እንፈርማለን፤ አንዳንድ ቤት ደግሞ የምትፈርመው ታላቅ እኅት ናት። ከዚያ ካርዱ በቀይ ተጽፎበት ሲመጣ ቀበቶ ይፈታል። ወይም መምህሩ ላይ እንጮኻለን። «ከፍያለሁ እኮ!» እንላለን። አዎ ከፍለሃል፣ ወንድሜ። ዩኒፎርሙንም፣ ሰርቪሱንም፣ አስጠኚውንም። ግን የልጅህ የሒሳብ መምህር ማን ይባላል? ልጅህ ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ይቀመጣል? ማንበብ የሚከብደው በየትኛው ቋንቋ ነው?

ከዚህ የሚብስም አለ። የፈተና መልስ የሚያፈላልጉ፣ ለነጥብ ብር የሚያቀርቡ ወላጆች አሉ፤ ከመካከላቸውም የሚጾሙ አሉ። ይህ ልጅን መርዳት አይደለም፣ ስርቆት ማስተማር ነው። ንስሐ ግቡበት።

በፈተና ሰሞን ደግሞ ስለቱ ይበዛል። ሻማና ጧፍ ይዘን እንመጣለን፣ ለልጆቻችን ጸበል እናመጣለን። መልካም ነው፣ ማንም አይከለክላችሁ። ሐናም ተስላለች። ስለቷ ግን መደረቢያውን ከመስፋት አላሳረፋትም።

አሁን ደግሞ ማዘን ሳይሆን መጽናናት ለሚገባችሁ ልናገር።

ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶቼ፣ «እኔ ምን አውቄ አግዘዋለሁ» ስትሉ እሰማለሁ። ሐና ሳሙኤልን ስለ ክህነት ሥርዓት አስተማረችው አልተባለም። መደረቢያ አመጣችለት ነው የተባለው። እናንተም ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ልጁን «ዛሬ የተማርከውን ጮክ ብለህ አንብብልኝ» በሉት። ሲደነቃቀፍ ጆሯችሁ ይለየዋል። ደብተሩ ላይ ኤክስ ሲበዛ ዓይናችሁ ያየዋል። ነገ ጠዋት መምህሯ ዘንድ ሄዳችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ፊደል አይጠይቅም። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ፣ በሥራ ልብሳችሁ ሂዱ። አትፈሩ። የማታከብር መምህርት ብታጋጥማችሁም የልጃችሁ ነገር ነውና ተመልሳችሁ ሂዱ።

ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ በሰው ቤት እየሠራችሁ ለልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልኩ እኅቶቼ፣ «ልጄን ጥዬ መጣሁ» እያላችሁ ስንት ሌሊት አልቅሳችኋል! ሐናም ከልጇ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አልኖረችም። መጽሐፍ ግን ጣለችው አይላትም። እግዚአብሔር ርቀታችሁን ያውቃል። ብሩን ስትልኩ ከብሩ ጋር ጥያቄም ላኩ። አያቱ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስታ በኢሞ እንድትልክላችሁ ለምኗት። የመምህሩን ስልክ ተቀበሉና በሁለት ወር አንዴ እንኳ ደውሉ። ከልጁ ጋር ስታወሩ «ምን ልግዛልህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ከበደህ?» በሉት።

የማኅበርና የሰንበቴ አባላትም አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የወር ዝክራችሁ ከወላጅ ስብሰባ ጋር ከተጋጨ ዝክሩን ከሰዓት አድርጉት። ወላጅ አልባ ልጅ በአጥቢያችሁ ካለ ደግሞ፣ ከማኅበሩ አንድ ሰው መድቡና በስሙ ይሂድለት። መንገድ ላይ ሰው ከመከራየት ያድነዋል።

የዘንድሮ ካርድ የሚሰጠው በዚህ ሰሞን ነው። ራሳችሁ ሄዳችሁ ተቀበሉ። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። መምህሩን ቁጭ አድርጋችሁ ልጁ የቱ ጋ እንደደከመ፣ ክረምቱን ምን ቢያነብ እንደሚሻለው ጠይቁት። አመስግኑትም፤ ዓመቱን ሙሉ ከልጃችሁ ጋር ከእናንተ የበለጠ ሰዓት ያሳለፈ ሰው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።